የእግሬ ጥፋት ነው ስለተባለው ማርሽ

ለተከበሩ አቶ ይገዙ ወንዳፍራሽ
በኢስትሊ የኢትዮጵያውያን ጉባኤ የንብረት ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ናይሮቢ

ጉዳዩ፦ የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ እንዳስረክብ ለተጻፈልኝ ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት መልስ ስለመስጠት

የተከበሩ ጋሽ ይገዙ፤

እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ምሥራቅ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከተገዛ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት እስከ ዛሬ ላስቲኩ ያልተነሳለት የሳሎን ሶፋዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ ጌታ የተመሰገነ ይሁን በጣም ደህና ነኝ፤ የሚመሩት ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ «ችግር አለበት» ብሎ ከወሰነበት ከግራ እግሬ በስተቀር መላ ሰውነቴ ጤነኛ ነው። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ንቀት ይዞኝ አይደለም። የእርስዎ ደብዳቤ ከሰኞ ጀምሮ ብቻውን እዚያ ተሰቅሎ ስላየሁት ጓደኛ ቢያገኝ ብዬ ነው።

ለጉባኤያችን እንግዳ የሆኑና ሰሌዳውን ሲያነቡ ግራ የሚገባቸው ወገኖች እንዳይኖሩ፣ ነገሩን ከሥሩ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ ማዕዶት ሐብታሙ እባላለሁ። በጉባኤያችን የጉብኝት ክፍል አገልጋይ ነኝ፤ ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሕሙማን መድኃኒት አደርሳለሁ፣ የሐኪም ቀጠሮ አስይዛለሁ፣ ወረቀታቸውን ይዤ ከቢሮ ቢሮ እሮጣለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ የሠራሁት በማታቱ ሚኒባስ ታክሲና በእግሬ ነው። ያን ጊዜ እግሬ ደህና እንደነበር ለታሪክ ይመዝገብልኝ። ከሦስት ወር በፊት ጉባኤው አዲስ ሞተር ሳይክል ገዛ። ይህ እንዲሆን ቤት ለቤት ዞረው የለመኑት፣ የተከራከሩት፣ በመጨረሻም ቁልፉን በሰው ሁሉ ፊት በእጄ ያስጨበጡኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ደስታዬን የምደብቅበት ስላጣሁ ደረጃው ሥር ሄጄ ብቻዬን ዘለልኩ። በሳምንቱ ግን ማርሹ በቀየርኩት ቁጥር «ቋ!» ማለት ያዘ፣ ቀናት ሲያልፉም ባሰበት፣ በመጨረሻም ኮሚቴው ጥፋቱ የግራ እግሬ መሆኑን ደርሶበት ከፊታችን እሑድ አምልኮ በኋላ ቁልፉን እንዳስረክብ፣ ሞተር ሳይክሉም ብቁ ወንድም እስኪገኝ ዕቃ ቤት ተሸፍኖ እንዲቀመጥ ወሰነ። ነገሩ ይኸው ነው።

እኔም ቁልፍ ከማስረከቤ በፊት ውለታ የማስታውስ ሰው መሆኔ እንዲታወቅልኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር አድርጌ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. አዲሱን ሞተር ሳይክል ከአቧራ፣ ከጭረት፣ ከዝናብና ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ስላደረጉት ተጋድሎ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፋብሪካ ጋር የመጣው ላስቲክ እንዳይነሳ በቃለ ጉባኤ አስወስነዋል። ያ ብቻ መች በቃዎት! የመሪው እጀታ በእጄ ላብ እንዳይበላ ብለው በላስቲኩ ላይ ስፖንጅ አስጠቀለሉ፤ ስፖንጁን ፀሐይ እንዳያገኘው በስፖንጁ ላይ ጨርቅ አስለበሱ፤ ጨርቁ እርቃኑን እንዳይቀር ወይዘሮ ምሥራቅ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ደረቡበት፤ ዳንቴሉ ደግሞ እንዳይቆሽሽ በላዩ ላይ ሌላ ግልጽ ላስቲክ አድርገው ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉት። የግራው እጀታ ከመወፈሩ የተነሳ ስጨብጠው ጣቶቼ አይገናኙም ነበር። የኢስትሊ ቦዳ ቦዳዎች፣ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልሱት ነጂዎች፣ ሙሽራ የማመላልስ እየመሰላቸው ባለፍኩ ቁጥር ክላክስ ያደርጉልኝ ነበር። እኔም እጄን እያወዛወዝኩ አልፍ ነበር፤ ምን ላድርግ?

፪ኛ. የበሽታውን ምክንያት በአንድ ጊዜ አዳምጠው ስላገኙልኝ አመሰግናለሁ። ድምፁ ቀላል እንዳልነበር እኔም አልክድም። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስቀይር አንድ ሰው የብረት ድስት ከደረጃ ላይ የለቀቀ ይመስል ነበር። መብራት ላይ ስቆም ዜሮ ላድርገው ብል ዜሮ ጠፍቶ ይቀርና፣ ፍሪሲዮኑን ጨምድጄ ይዤ እንኳ ሞተሩ ወደፊት እየገፋ የሰው መኪና ሊያስነካኝ ይቃጣዋል። አንድ ረቡዕ ደግሞ ወንጌላዊው አዳራሹ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ድምፅህን አሰማን!» ብለው ሲጸልዩ እኔ ከታች ደረስኩና ማርሽ ቀየርኩ። «ቋ!» አለ። የግማሹ ሕዝብ እልልታ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ያን ቀን ደረጃውን ወርደው መጥተው፣ አንገትዎን ሰበር አድርገው ሦስት ጊዜ ካስቀየሩኝ በኋላ የሰጡትን ፍርድ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። «ይህ ማሽን አዲስ ነው፤ አዲስ ነገር አይበላሽም። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከማሽኑ ውጭ ነው» አሉ። ከማሽኑ ውጭ በዚያ ግቢ የነበርነው እኔና የዘበኛው ድመት ነበርን። ድመቷ ወዲያው በነፃ ተለቀቀች። በኢምባካሲ የጭነት መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ጆሮው አይሳሳትም ሲባል ሰምቼ ነበርና እኔም ፍርዱን ተቀበልኩ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሁሉ እንደታሸገ ገብቶ እንደታሸገ እንደሚወጣ ግን ያን ጊዜ ማሰብ ነበረብኝ።

፫ኛ. ስለሰጡኝ ሕክምና አመሰግናለሁ። መጀመሪያ «የሴት ጫማ ለማርሽ አይሆንም» ስላሉኝ፣ እግሬን በሁለት ካልሲ ሞልቼ የወንድ ቦት ጫማ አደረግኩ። ለውጥ መጥቷል፤ ቀድሞ አንድ የነበረው ጩኸት ሁለት ሆነ፣ አንዱ የማርሹ፣ አንዱ የቦቱ። ቀጥለው «እግርሽ ቁጡ ነው፤ በፍቅር ንኪው» አሉኝ። ነካሁት፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ማርሹ እንዳይጎዳ ጭራሽ ባልቀይረው እንደሚሻል አዘዙኝና ከኢስትሊ ኢምባካሲ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ሄድኩ። ማታቱ አለፈኝ፤ ደህና፣ ማታቱ ማንን ያልፋል ማንን አያልፍም አይባልም። ብስክሌት አለፈኝ። ከዚያ ጀሪካን የጫነ የእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ዳገቱ ላይ አጠገቤ ደረሰ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ «ፖሌ ዳዳ»፣ አይዞሽ እኅቴ፣ ብሎኝ አለፈ። ኀዘኑን ስለገለጸልኝ እሱንም አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ጋሽ ይገዙ፣ ቀልዱን ለአፍታ ላቁም። እኔ እኮ አመንኩዎት። እግሬ ነው ብዬ አመንኩ። ሰው ሳይነሳ በማለዳ ግቢ ውስጥ እየወጣሁ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ማርሽ መርገጫውን በእግሬ ጣት ጫፍ ወደ ላይ ወደ ታች ስለማመድ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ለሁለት ሳምንት አነከስኩ። ለመንጃ ፈቃዱ በሠላሳ አራት ዓመቴ ከልጆች ጋር ተሰልፌ ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው፣ «ለካ አልችልም ነበር» ብዬ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ግን ከተበላሸው ሁሉ ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው፤ በቃለ ጉባኤ ላይ እንዲገባልኝ እፈልጋለሁ።

፬ኛ. ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በጊጊሪ ትልቅ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራው የኮሚቴው ጸሐፊ ወንድም ኢዮስያስ ጉዳዩን በሳይንስ እንዲመረምረው ስለመደቡልኝ ምን ብዬ ልመርቅዎ? ወንድም ኢዮስያስ ዐሥራ አንድ ዓምድ ያለው ቅጽ አዘጋጀልኝ። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከስንተኛ ወደ ስንተኛ ማርሽ፣ የጩኸቱ መጠን ከአንድ እስከ አምስት፣ የአየሩ ጠባይ፣ የአሽከርካሪዋ ስሜት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየመንገዱ ዳር እየቆምኩ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት «ቋ» መዘገብኩ። በስሜት ዓምድ ሥር እስከ መቶኛው ድረስ «ደህና» እያልኩ ጻፍኩ፤ ከመቶ በኋላ ያለውን «ጌታ ያውቃል» በሚል ሞላሁት። እሱም ይህን ሁሉ ወደ ባለ ቀለም ሥዕል ለውጦ፣ በግድግዳው ላይ እያሳየ ለኮሚቴው ያቀረበው ድምዳሜ የሚከተለው ነበር፦ ጩኸቱ የሚሰማው እኅት ማዕዶት ማርሽ በምትቀይርበት ጊዜ ብቻ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ሰባቱም የኮሚቴ አባላት አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው አጨብጭቦ ምን እላለሁ?

፭ኛ. የጎን መስተዋቶቹን ላስቲክ ስላላነሡልኝ አመሰግናለሁ። ከኋላዬ የሚመጣውን ለማየት ከዓይን ይልቅ እምነት እንደሚበልጥ ተምሬበታለሁ።

፮ኛን ለጨዋነት ስል ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልንገርዎ። ደብዳቤዎን ኪሴ ውስጥ አጥፌ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ዕድሌን ልሞክር ብዬ ከሊድ ዘንድ ሄድኩ። ከሊድ ኢስትሊ ውስጥ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ በስተጀርባ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ሞተር ሳይክል የሚጠግን ፉንዲ ነው፤ ድሬዳዋ ተወልዶ እዚህ ያደገ፣ እጁ ከግራሶ ፊቱ ከፈገግታ የማይጠራ ሰው። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ፣ የወንድም ኢዮስያስን ጥናትና ያበጠውን ቁርጭምጭሚቴን በቅደም ተከተል አቀረብኩለት። አንዱንም አላየም። ሞተሩን እንኳ አላስነሳም። «እስቲ ውጪና ፍሪሲዮኑን ያዢልኝ» አለኝ። ወጥቼ ያዝኩ። «ሙሉ ሳቢው» አለኝ። «ሳብኩት እኮ!» አልኩት። ጎንበስ ብሎ እጀታውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ «ዳዳ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጥበቃ ነው» አልኩት።

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ እኔም ለእርስዎ እንዳስረዳኝ አድርጌ ላስረዳ። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩን ከማርሹ ለቅጽበት የሚያለያየው ነገር ነው። መያዣው እስከ እጀታው ድረስ ሙሉ ካልተሳበ ሁለቱ በደንብ አይለያዩም፤ ሳይለያዩ ማርሽ ለመቀየር ሲሞከር ብረት ከብረት ይላተማል፣ «ቋ» ይላል፣ ዜሮም አይገኝም፣ ቆሞም ይገፋል። በእኛ ሞተር ሳይክል ላይ መያዣው ግማሽ መንገድ ሲደርስ ከዳንቴሉ ጋር ተገናኝቶ ይቆማል። ከሊድ ቢላውን አነሣ፤ እኔ «በቃለ ጉባኤ የተከለከለ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ለምስክር የሚሆኑ ሁለት ሻይ የሚጠጡ ሰዎች አሉ። ግን እጁን አልያዝኩትም፣ ይህን ጥፋቴን አምናለሁ። የውጭው ላስቲክ ወጣ፣ ፕላስተሩ ወጣ፣ ዳንቴሉ ወጣ፣ ጨርቁ ወጣ፣ ስፖንጁ ወጣ፣ የፋብሪካው ላስቲክ ወጣ። ከሥሩ የመጣው እጀታ ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ ሌላ ሞተር ሳይክል መሰለኝ። ከሊድ ሳቁን እንደምንም ውጦ፣ «እግርሽ ምንም አልሆነም፤ እነሱ ያሰሩት እጅሽን ነው» አለኝ። ነገሩ ሁሉ የፈጀው ሻይ እስኪበርድ ነው። የወይዘሮ ምሥራቅ ዳንቴል አንዲት ክር ሳትበጠስ፣ ታጥባና ተተኩሳ፣ ከታላቅ ምስጋና ጋር ትመለሳለች፤ በእውነት የተዋበ ሥራ ነው፣ ቦታው ብቻ ነው የተሳሳተው።

ከመተላለፊያው ወጥቼ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ቀየርኩ። ምንም። ወደ ሦስተኛ። ምንም! ያልገባ መስሎኝ ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ገብቷል። መብራቱ ላይ ዜሮ ፈለግኩ፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሄልሜቴ ውስጥ እንደ እብድ ሳቅሁ። አጠገቤ የቆመው የማታቱ ረዳት ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ «እግሬ ዳነ!» ብዬ መለስኩለት።

በማግሥቱ ረቡዕ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ኢምባካሲ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እግራቸው ታሞ ከወረዱ ሰባት ወር የሆናቸው እናታችን ናቸው፤ የስኳር መድኃኒታቸውን በየሳምንቱ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ የማርሹን ጩኸት ሲሰሙ የበሩን ቁልፍ በላስቲክ ቅርጫት አድርገው በገመድ ከመስኮት ያወርዱልኛል። ያን ቀን ግን ጩኸት የለም፤ ታች ሆኜ ብጣራ ብጣራ ቅርጫቱ አይመጣም። ጎረቤት ከፍቶልኝ ስወጣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከፊታቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ሞተሩን ወሰዱብሽ ብዬ እኮ ነው። ሰው ነግሮኛል። እንግዲህ ማን ይመጣልኛል ብዬ የቀረውን ግማሽ ግማሹን እያደረግኩ ላቆየው ስል ደረስሽ» አሉኝ። ጋሽ ይገዙ፣ ይህን ሴትዮዋ በቀልድ አልተናገሩትም። ሐኪሙ የለካላቸውን መድኃኒት ለሁለት ሊከፍሉ ነበር፤ ምክንያቱም ሰባት ሰዎች ተሰብስባችሁ ስለ አንድ እግር ቃለ ጉባኤ ስለጻፋችሁ። እንደዚሁ የሚጠብቁኝ ሌሎች አምስት ቤቶች አሉ። በማታቱ ስሠራ በቀን ሁለት ቤት ብደርስ ጎበዝ ነበርኩ። ቁልፉን እሑድ ስትወስዱብኝ የምትወስዱት ከእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እርስዎ ዕቃ ለምን እንደሚጠቀልሉ አውቃለሁ። በምስክርነት ቀንዎ ቆመው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ በአንዲት ሻንጣ ናይሮቢ የገቡ ሰው ነዎት፣ የነበረዎት ሁሉ በአንድ ሌሊት የቀረ። እኔም በአንዲት ሻንጣ ነው የመጣሁት፣ ያውም መዝጊያዋ የተበላሸ። ሰው ሁለተኛ ላለማጣት ያገኛትን ቢሸፍን ማንም አይፈርድበትም። ሶፋዎንም እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ላስቲኩን አያንሱ፣ በሙቀት ስንቀመጥበት ቢያጣብቀንም እንችለዋለን። ይህ ሞተር ሳይክል ግን የተገዛው እንዲያልቅ ነው። ጎማው በኢምባካሲ መንገድ እንዲያልቅ፣ እጀታው በእጄ እንዲያልቅ፣ ቀለሙ በፀሐይ እንዲያልቅ። አዲስ እንደሆነ ቢቀር ነው ልናፍር የሚገባን።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ። አንድ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቆይ። ሁለት፣ በቃለ ጉባኤው ውስጥ «የአሽከርካሪዋ ግራ እግር» የሚለው ዘጠኝ ቦታ ላይ ተሰርዞ «ዳንቴል» በሚለው ይተካ። ሦስተኛ ጥያቄ ነበረኝ፤ መስተዋቶቹን ግን ማክሰኞ ማታ ራሴ ልጬአቸዋለሁ። አሁን ከኋላዬ ማን እንዳለ አያለሁ፤ ደስ አይልም፣ ግን ይጠቅማል።

ለንብረታችን የሚያሳዩትን ይህን የመሰለ ጥብቅ ፍቅር አንድ ዐሥረኛውን ያህል ለነጂዎችም እንዲያካፍሉ ጌታ እንዲረዳዎ እየጸለይኩ፣ ጥበብዎ ሳይጫር፣ ጆሮዎ አቧራ ሳይነካው፣ ሰብሳቢነትዎም ከእነማሸጊያው ለብዙ ዘመን እንዲቆይልን እመኛለሁ።

በሁለቱም እግሮቿ ቆማ እጅ የምትነሳዎ፣
ማዕዶት ሐብታሙ
የጉብኝት ክፍል አገልጋይ፣ ኢስትሊ

ግልባጭ፦
ለወንድም ኢዮስያስ፣ ጊጊሪ (ከማክሰኞ ወዲህ የተመዘገበ «ቋ» ስለሌለ ሥዕሉን በምን ቀለም እንደሚሠራው እንዲያስብበት)
ለእትዬ አስካለ፣ ኢምባካሲ (ረቡዕ ስሄድ ጮክ ብዬ የማነብላቸው)
ለግራ እግሬ (ለሞራል)

ማስታወሻ፦ ልረሳው ነበር። ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢስትሊ ላይ ያ ዝናብ ሲወርድ፣ የቦዳ ቦዳዎቹ መቆሚያ አጠገብ የዝናብ ካፖርት ልደርብ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ጋዜጣ ራሳቸው ላይ የያዙ የተከበሩ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ቦዳ! ኢምባካሲ!» ብለው ከኋላዬ ጉብ አሉ። ላስቲኩና ዳንቴሉ ስለሌለ የጉባኤዎን ንብረት አላወቁትም፤ ሄልሜቴ ስለተዘጋና ያዘዙልኝን ቦት ጫማ ስላደረግኩ እኔንም አላወቁኝም። ልናገር አፌን ሳልከፍት ስልክዎን አውጥተው ከወንድም ኢዮስያስ ጋር ወሬ ጀመሩ፤ አማርኛ የማልሰማ መስሎዎት መንገዱን ሙሉ በጆሮዬ ላይ እየጮሁ «ኧረ ኢዮስያስ፣ ይህን ልጅ ብታየው! ማርሽ ሲቀይር አይሰማህም፣ ቅቤ ነው በለው! ወንድ ልጅ ሲነዳ እንዲህ ነው፤ ያቺ ልጅማ እግሯ አልተፈጠረላትም» ሲሉ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ሲወርዱም በስዋሂሊ አመስግነውኝ፣ መልሱን ለሻይ ብለው ትተውልኝ፣ እሑድ አራት ሰዓት ላይ መጥቼ ለአንዲት እኅት በጉባኤው ፊት የማርሽ አቀያየር እንዳሳያት ቀጠሩኝ። ራሴን በአዎንታ ነቅንቄአለሁና አልቀርም። እርስዎም ቆመው ባለሙያውን ለሕዝቡ እስኪያስተዋውቁ ድረስ ሄልሜቴን አላወልቅም።